አሳስቼ የሳልኩት ገደል

ለምሳሳልሽ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ሰንብተሻል? ብርድ ሲመጣ የሚነሳብሽ የወገብ ሕመም ዘንድሮስ እንዴት አደረገሽ? የእማማ ዓይን ትንሽ ገለጥ አለላት? ባልሽ ጋሼ ግንበኛው፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? ጥያቄ የማበዛው ናፍቆቱ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ የምነግርሽን ፈርቼ ነው። እኔ በአካሌ ደህና ነኝ። ፌንጣ ግን ደህና አይደለም። በሕይወት አለ፤ እሱን አስቀድሜ ልንገርሽና ትንፋሽሽ ይመለስ። በልጅነቱ አንድ ቦታ አልቀመጥ ቢልሽ ፌንጣ ያልሽው ታናሽ ወንድማችን ዳሌው ተሰብሮ የጦር ሆስፒታሉ አልጋ ላይ ተኝቷል። እዚያ ያስተኛሁት እኔ ነኝ።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምርልሽ። አንድ ጊዜ፣ በጦሩ ካርታ ክፍል ስቀጠር፣ ተራራን ወረቀት ላይ እንዴት አድርገህ ታቆመዋለህ ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። የድሮ ካርታ ነዳፊዎች ተራራን ከጎን እንደሚታየው፣ እንደ ተደፋ ድስት ይስሉት ነበር፤ ከኋላው ያለውን ማን ያየዋል? እኛ ግን እንደ ወፍ ከላይ አይተን በጭረት እናሳየዋለን። ውሃ በሚወርድበት አቅጣጫ አጫጭር ጭረት እንደረድራለን። ዳገቱ ለዘብ ካለ ጭረቱ ቀጭንና የተራራቀ ነው፤ ከከፋ ወፍራምና የተጠጋጋ ይሆናል። ገደል ከሆነ ወረቀቱ ይጠቁራል። ወታደር ጥቁሩን ይሸሻል፣ ነጣ ያለውን ይከተላል። ነፍሱ ያለችው በዚያች ጭረት ላይ ነው።

ባለፈው ወር መሬት የሚለካው ቀያሻችን የአንድ ኮረብታ ንድፍ አመጣልኝ። የምሥራቁን ጎን በጣቱ መታ መታ አድርጎ፣ ይህ ግድግዳ ነው፣ ፍየል እንኳ አይወጣውም፣ አጥቁረው አለኝ። አንገቴ እስኪደነዝዝ ሦስት ቀን አጠቆርኩት። አለቃችን ሲያየው ፊቱን አኮሳተረ። ጥቁረቱ የመንደሩንና የምንጩን ስም ውጦታል፣ አዛዦቹ ማንበብ አቃተን ብለው የሚወርዱት እኔ ላይ ነው፣ አሳሳው አለኝ። ገደል እኮ ነው ጌታዬ ስለው፣ ገደል መሆኑን ወታደሩ ሲደርስ በዓይኑ ያየዋል አለ። ቀያሹም፣ እንግዲያው ጭረቱ ይቅርና ከፍታቸው እኩል የሆኑትን ቦታዎች በመስመር እናገናኝ፣ መስመሮቹ ሲጠጋጉ ገደሉ ራሱ ይናገራል፣ ስሙም አይሸፈንም ብሎ ነበር። አለቃው፣ የሽንኩርት ልጣጭ የሚያነብ መኮንን የለኝም ብሎ ሳቀበት። እኔስ ምን ያልኩ ይመስልሻል? ከሥራዬ እንዳልባረር ፈርቼ እሺ አልኩ። በምላጭ ፋቅሁት፣ በቀጭን ብዕር ደገምኩት። ያ ግድግዳ ልጆች የሚንሸራተቱበት ዳገት መሰለ።

ካርታው ፌንጣ ለሚዘምትበት ጓድ እንደሚደርስ በምን አውቄ። በምሥራቁ ጎን ሊወርዱ የተነሱት በማለዳ ነው፤ ጉሙ የገዛ እጅን አያሳይም ነበር አሉ። መሬቱ ከእግራቸው ሥር አለቀ። ፌንጣ ከታች ካለች የድንጋይ ጠርዝ ላይ ወድቆ ቀረ፤ አራት ጓደኞቹ በላዩ አልፈው ወረዱ። አንዳቸውም አልተረፉም።

ይህን የነገረኝ ቁስለኛ ያመጣው ጋሪ ነጂ ነው። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ካርታው ይሰብሰብ ብዬ አለቃውን ለመንኩት፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ አፍህን ዝጋ አለኝ። ቅጂዎቹ እኮ ገና በሌሎች ጓዶች እጅ ናቸው! የቀያሹን ንድፍ ይዤ ዋናው አዛዥ ፊት ቀረብኩ፤ አለቃዬ አዘዘኝ፣ ገደሉን ያሳሳች እጅ ግን ይቺ ናት አልኩ። ካርታው በማግስቱ ተሰበሰበ። አለቃውም እኔም ታግደን የፍርድ ቀን ተቆርጦልናል። ይፍረዱብኝ። አንጀቴን የሚበላው እሱ አይደለም።

ፌንጣ ዘንድ ገብቼ፣ ያንን ካርታ የሳልኩት እኔ ነኝ አልኩት። አውቃለሁ አለኝ። ጓደኞቹ መንገዱን ተጠራጥረው ቆመው ነበር። እሱ ግን ጭረቱን አይቶ የእጄን አጣጣል ለየው፤ ይህ የወንድሜ እጅ ነው፣ እሱ አይዋሽም፣ ተከተሉኝ ብሎ ከፊት ወረደ። ይህን ነግሮኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ዘጠኝ ቀኑ ነው። ከማንም አይነጋገርም፣ እህል አይቀምስም፤ አስታማሚዋ በማንኪያ የምታፈስለትን ውሃ ብቻ ይውጣል። ሐኪሙ አጥንቱ ይገጥማል፣ እንዲህ ከቀጠለ ግን ሰውየው እስከዚያ በሕይወት አይቆይም አለኝ። እኔ ስገባ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ስለዚህ ኮሪደሩ ላይ እውላለሁ። እታለም፣ እባክሽ ነይ። ድሮም አንቺ ስትቆጪው ነበር የሚበላው። አስታርቂን ማለቴ አይደለም፤ ዕድሜ ልኩን ይጥላኝ፣ ብቻ ይብላ።

ለእማማ ይህን አታንብቢላት፤ ጉልበቷን ሳሚልኝ፣ ሥራ በዝቶበት ነው ያልጻፈልሽ በያት። ለጋሼ እጅ ነስቻለሁ፤ ካንቺ ጋር እንዲመጣ ለምኚልኝ። ትልቋን ልጅሽን፣ ትንሹንም ጉንጭ ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋን፣ ከጸሎትሽ አትርሺኝ ብሎሻል በያት። ከፌንጣም ሰላምታ ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ የምልክልሽ ቃል አልሰጠኝም።

ወንድምሽ
ከጦር ሆስፒታሉ ኮሪደር፣ ጥቅምት ፲፱ ቀን