በሥራ ልብሱ ውስጥ የሰፋሁት ኪስ

ወንድሜ፣ ለማንም ትንፍሽ ያላልኩትን ልንገርህ፦ የባለቤቴን የጨረር መለኪያ የሚደብቀውን ኪስ የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ሰላምታዬን ሳላስቀድም በዚህ መጀመሬን ይቅር በለኝ፤ ወደ ኋላ ካቆየሁት ድፍረቱ ይከዳኛል። ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለህ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

ልጅህ እዚህ የኑክሌር መሣሪያው ከሚሠራበት ፋብሪካ ልትቀጠር እንደሆነ ጽፈህልኛል። ይቅርብሽ ብትላት፣ የአክስቴ ባል አሥራ ስምንት ዓመት ሲሠራ መለኪያው አንድ ቀን እንኳ አልጠቆረም፣ መዝገቡን አሳይተውኛል ብላ አፍህን አስያዘችህ። ያ መዝገብ ውሸት ነው።

መለኪያዋ ደረት ላይ የምትሰካ፣ ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ ነበረች። ጨረር ሲበዛባት ትጠቁራለች፤ የጠቆረችበት ሰው ለስድስት ወር ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይዛወራል። ባለቤቴ ደግሞ እንደሱ ያለ በያጅ እንደሌለ ያውቃል። እኔ ግምጃ ቤት ተቀምጬ መጥረጊያ ስቆጥር ጎረቤት አገር መሣሪያውን ሠርቶ ይቀድመናል አለኝ። ጨረር የማያሳልፍ ስስ የእርሳስ ንጣፍ አመጣልኝ፤ እኔም ከልብሱ ገበር ሥር ኪስ አድርጌ ሰፋሁት። በር ላይ ሲፈተሽ መለኪያዋ ደረቱ ላይ ናት፤ ውስጥ ሲገባ ኪስ ትገባለች። ስፌቱ እንዳይታወቅ እንዴት እንደተጠበብኩበት ሳስበው ዛሬም ያሳፍረኛል።

አንተና እሱ ስለ መሣሪያው ገበታ ላይ የተከራከራችሁበት ቀን ትዝ ይልሃል? እሱ ጎረቤታችን ይተው፣ እኛም እንተዋለን ሲል፣ አንተ፣ ጎረቤታችንም እኮ ይህንኑ ይላል፣ እርስዎ ይቅደሙ፣ የለም እርስዎ ይቅደሙ ስትባባሉ ደጅ ላይ ዝናብ ሊመታችሁ ነው ብለህ አሳቅኸን። እኔ ሳህን አነሳሁ።

ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ፣ መንግሥታት ይህን ነገር ለምን እንደሚሠሩ አነባለሁ። አንዱ ጠላቱን ፈርቶ ነው። አንዱ ወዳጁን ስላላመነው ነው፤ በክፉ ቀን ለእኔ ብሎ የራሱን ከተማ አያስቃጥልም ብሎ። ከትልልቆቹ እኩል ለመቀመጥ የሚሠራም አለ፤ ሹመቴ ይቀርብኛል ብሎ ከውስጥ የሚገፋም አይጠፋም። መሥራት ጀምረው የተዉ አገሮች እንዳሉ ሳነብ አለቀስኩ። ፍርሃታቸውን አልንቅም። እኔም ባሌ ክብሩ እንዳይነካ ፈርቼ ነው መርፌ ያነሳሁት።

ሲታመም ሐኪሙ መዝገቡን አገላብጦ በሽታው ከሥራው የመጣ አይደለም አለ። ከአልጋው ግርጌ ቆሜያለሁ። ባለቤቴ ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔ ወለሉን አየሁ።

ባለቤትህን በጣም ናፍቀሻታል በልልኝ። ለአማትህ ሰላምታዬን ጮክ ብለህ ንገርልኝ፣ እንደሁ የማይሰሙ መስለው ይሰማሉ። ታናሹን ጉንጩን ሳምልኝ።

ደብዳቤውን ለእኔ አዝነህ እንዳትደብቀው። ውሉን ሳትፈርም እጇ ይግባ፤ የጻፍኩት ለልጅህ ነው።

ከድሮው ቤታችን
ጥቅምት 19 ቀን