ወንድምሽ የተሻገረው ሳር

ልጄ ኖላዊት፣ በምትማሪበት በሰው አገር ሞገስ ይሁንሽ። ደህና ነን ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ ሆዴ እንቢ አለኝ። ላንቴ ባለው ማሳችን ሙዙ ደርሶ ቆራጭ አጥቷል።

ወንድምሽ ሕዝቅኤል የጎረቤታችንን የመስኖ ተራ በብልጠት ወሰደበትና ገጀራ ተማዘዙ። ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው መሃላቸው ተንበረከኩ። ጎረቤታችን ወዲያው ገጀራውን ጣለ። እንደምታውቂው፣ እኛ ጋ ያን ሳር የሚሻገር የለም። ሕዝቅኤል ተሻገረው! ማንም ባይቆስልም፣ ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ ስለራቀን ሙዙን የሚቆርጥልን ጠፋ። ስቆጣው፣ «የሰው አእምሮ ያደገው ሌላውን ለመብለጥ ነው ያለችኝ ራሷ ኖላዊት ናት» አለኝ።

እውነት ትምህርትሽ እንዲህ ይላል? ታዲያ የሽማግሌዎቹ አእምሮ ለምን አደገ?

ያወቅሽውን ሁሉ ለበጎ ያድርግልሽ፣ የኔ እናት። ሽማግሌዎቹ እሑድ ሳራቸውን ይዘው ይመለሳሉ። ወንድምሽ እኔን አይሰማኝም፤ እባክሽ ከእነሱ በፊት አንቺ ደውይለት።

እናትሽ አገኘሽ