ክሮሚየም በአንገረብ ላይ

ጥቅምት 14፣ ማለዳ

ዛሬም ሰሊጥ። ተማሪዎቼን ይዤ ለአጨዳ ዘመቻ ወደ መንግሥት እርሻ ከመጣሁ ወዲህ ጣቶቼ ጠመኔ ረስተዋል። ደግነቱ ቀትር ላይ ፀሐዩ ስለማያሳጭድ ያቺ ሰዓት የኬሚስትሪ ናት።

ትናንት ግን ሐዋ አፋጠጠችኝ። የመተማ ዮሐንሱ ነጋዴ የሐጂ ሙሳ ልጅ። የክሮሚየምን የመጨረሻ ኤሌክትሮኖች ፎር ኤስ ሁለት፣ ስሪ ዲ አራት ብላ ጻፈች፤ አንድና አምስት ነው ብዬ ሰረዝኩባት። ሕጉ መጀመሪያ ፎር ኤስ ይሙላ ካለ ክሮሚየም ማን ስለሆነ ነው የሚጥሰው አለች። ስለሚረጋጋ ነው አልኳት። እሱንማ መጽሐፉም ይላል! አለችኝ። አባቷ ከዘመቻው መልስ ያለውን ፈተና ከወደቀች ሱቅ ትገባለች ብለዋል። አንጀቴን በላችው።

ጥቅምት 15፣ ከቀኑ 7 ሰ.

ማስታወሻዬ፣ ምሳሌውን አገኘሁት! ለአጨዳ የመጡት የጎጃም ሠራተኞች ዳስ ውስጥ አምስት አንገረብ አለ፤ ያ የሱዳን የገመድ አልጋ። ይኸው ስሪ ዲ! ደጅ ያለው አንዱ ደግሞ ፎር ኤስ። ሁለት ሰው ደጅ፣ አራት ሰው ውስጥ። ሠራተኞቹ ኤሌክትሮን እንሁን ብለው ተሻሙ።

ጉድ ፈላ። ውስጥ የገቡት አራቱ ሁለት ሁለት ሆነው ጀርባ ለጀርባ ተጋደሙ። ሦስት አልጋ ባዶ! ለየብቻ ብላቸው፣ ብለምናቸው፣ ወይ ፍንክች። የአገር ልጅ ትቶ ለብቻ መተኛት ምን የሚሉት ነው አሉኝ። ሳቄ አፈነኝ፤ ትምህርቱ ገደል ገባ።

ሐዋ ግን አልሳቀችም። እነሱ ደገኞች ናቸው፣ ብርድ አስለምዷቸው ነው አለች። ኤሌክትሮን ቆለኛ ነው፤ ጎኑ ሰው ሲተኛ ይቃጠላል። ወይኔ ልጄ! የኤሌክትሮኖች መገፋፋት ማለት ይኸው አይደል? ተማሪዎቹን ራሷ አስገባች፤ አራቱ በየአልጋቸው፣ ራስጌያቸው ሁሉ ወደ ሱዳን፣ ሽክርክሪታቸው አንድ ዓይነት ነዋ። ደጅ ካሉት ሁለቱ አንዱን ጎትታ አምስተኛው ላይ ጣለችው። ስድስቱም ለየብቻ። ክሮሚየም ተንፈላሰሰ! እኔም እንደ ሕፃን ዘለልኩ።

ጥቅምት 17፣ ከቀኑ 9 ሰ.

ሐጂ መጡ። ፈተናውን እንኳ ሳይጠብቁ! የሱቅ ሠራተኛቸው ጥሏቸው ሄዷል፣ ገበያው ደርሷል፣ ልጄን ልውሰድ አሉ። የቶዮታው ሞተር እንኳ አልጠፋም።

ሐዋ አራት ተማሪዎች ዳሱ ውስጥ በየአልጋው አስተኛች። የአባቷን እጅ ይዛ ደጅ ካለው አንገረብ ላይ ከአንድ ተማሪ ጋር አስቀመጠቻቸው። ሐጂ ሰፊ ሰው ናቸው፤ ልጁ ተጣበቀ። እስቲ አባ፣ ምን ይሻላል አለቻቸው። ወደ ዳሱ አጮልቀው ባዶውን አልጋ አዩ፣ ልጁን ሂድ ግባ አሉት፣ እግራቸውን ዘርግተው አልሐምዱሊላህ! ሞተሩን አጥፉልኝ አሉ። ዳሱ በሳቅ ተናጋ።

ቀጠለች። አሁን መዳብ፤ ልጁን መልሳ ከሐጂ ጎን አስቀመጠች፣ ደጅ ሁለት፣ ውስጥ በአምስቱ አልጋ ዘጠኝ ተማሪ። ሐጂም ልጁን አሁንም አስገቡት፣ ቤቱ ይሙላ ብለው። ከዚያ ግንባራቸውን ቋጠሩ። ቆይ፣ ልጁ እዚያም ከሌላ ሰው ጋር ተጣበቀ፤ ታዲያ ትርፉ ምንድን ነው? ወደ እኔ ዞሩ።

ተያዝኩ። እዚህ ላይ የአልጋው ምሳሌ አይበቃም፣ ሐጂ፣ አልኳቸው። መዳብ ላይ ስሪ ዲ ወደ ኒውክሊየሱ ጠበቅ ብሎ ይያዛል፣ ሲሞላ ይረጋል፤ ለምን የሚለው በስሌት ነው፣ ስሌቱም ዩኒቨርሲቲ ነው የሚገኘው።

ልጃቸውን አዩ። አንቺ ታውቂዋለሽ? ገና ነኝ አለች። ሐጂ ተነሡ፣ ጀለቢያቸውን አራገፉ፤ ለሱቁ ሰው እቀጥራለሁ፣ ይቺን ነገር ሳትደርሺባት ግን እንዳትመጪብኝ አሏት። ብቻቸውን ነዱ።

አለቀስኩ፣ ማስታወሻዬ። በደስታ! ሐዋ አጠገቤ ቆማለች፤ ዩኒቨርሲቲ እስክገባ አልጠብቅም፣ አሁኑኑ ጀምሪልኝ ቲቸር እያለች እጄን ትጎትታለች። እሺ። እጀምርላታለሁ። የማውቃትን ያህል። በመጀመሪያ የኒውክሊየሱን ጉተታ።