ድኜም የማስልበት በር

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ እርስዎም ባልደረቦችዎም ከጉንፋንም ከሳልም ርቃችሁ እንድትኖሩ እመኛለሁ፤ ሳሉን እኔ በበራችሁ ላይ ሌት ተቀን ስለማስልላችሁ ለእናንተ የሚተርፍ አይመስለኝም።

እኔ ከታክሲ ማቆሚያው አጠገብ ያለችው የሴቶች ጸጉር ቤት ባለቤት ነኝ። ቲቢ ይዞኝ እናንተ ዘንድ ስድስት ወር መድኃኒት ወስጄ ድኛለሁ። ነጻ መሆኔ የተነገረኝ ዕለት ሲስተር አቅፋኝ ስታለቅስ እኔም አልቅሻለሁ፤ ያን ዕለት ሁላችሁንም እንደ እናቴ ልጆች ነበር ያየኋችሁ። ስለዚህ ታማሚዎች ድና የወጣች ሴት አይተው ተስፋ እንዲያደርጉ እርስዎ ፎቶ እንድነሳ ሲጠይቁኝ፣ እሺ ለማለት አላመነታሁም። ለዚህ ሁሉ ውለታዎ ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ. ፎቶ አንሺው እጄን አፌ ላይ አድርጌ እንድስል ሲያዘኝ፣ ሳሉ ከለቀቀኝ ወራት አልፈው ስለነበር አልመጣልኝ አለ። እርስዎ ከጎኔ ቆመው እንዴት እንደሚሳል በትዕግሥት ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ። ፈገግ ብዬ የተነሳሁትም ነበር፤ ለእሱ ስል ከንፈሬን ቀለም ተቀብቼ መምጣቴን ይቅር ይበሉኝ።

2ኛ. የሳልኩትን መርጠው፣ ከቁመቴ አስበልጠው፣ ከሥሩም «ከቲቢ ራስዎን ይጠብቁ» አስብለው በሩ ላይ ስለሰቀሉልኝ አመሰግናለሁ። መዳኔን የምትናገር አንዲት ቃል ግን ቦታ አጥታለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ መሰቀሌን የሰማሁት ደንበኞቼ ከሸሹ በኋላ ነው። ለሠርጓ ቀጠሮ ይዛ የነበረች ሙሽራ ደጃፌ ድረስ መጥታ፣ ጸጉሬ እንዲሁ ይሻለኛል ብላ ከነሚዜዎቿ ተመለሰች። አብራኝ የምትሠራው ታናሽ እህቴ ሰው ያልተቀመጠበትን ወንበር ስትወለውል ትውላለች። በዚህ ከቀጠለ ቤቱን መዝጋታችን ነው።

3ኛ. ፎቶው ከበሩ እንዲወርድልኝ ለመለመን ቢሮዎ ስመጣ፣ የጤና ጣቢያው የሕክምና ውጤት ዘንድሮ እጅግ ያማረ መሆኑንና እኔም «ዳኑ» ከተባሉት አንዷ መሆኔን ነግረው አጽናንተውኛል። ክብር ይስጥልኝ። ሆኖም ሪፖርቱን የሚያነቡት አለቆችዎ ናቸው፤ ሰፈሩ የሚያነበው በሩን ነው።

ሰሞኑን ክፉኛ የምትስል አትክልት ሻጭ ጎረቤቴን ወደ እናንተ እንድትሄድ ብለምናት፣ ሄጄ እንደ አንቺ ልሰቀል ወይ አለችኝ። እስካሁንም አልሄደችም።

ክቡር ሆይ፣ በሽታው እንዲህ አላስከፋኝም። በሽታ ጠላት ነው፤ ከጠላት ደግነት አይጠበቅም። እናንተን ግን አምኜ ነበር። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር እንጂ እኔን ይጥለኛል ብዬ አላሰብኩም። ያን ፎቶ ያውርዱልኝ፤ ወይም ፈገግ ያልኩበትን ይስቀሉልኝ።

መድኃኒታችሁን አንድ ቀን ሳላጓድል የዋጥኩ፣ ለሪፖርታችሁ የዳንኩ፣ ለሰፈሬ ግን እስካሁን የማስል፣

የበራችሁ ጌጥ፣ አክባሪዎ ባለ ጸጉር ቤቷ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጠዋት ጠዋት መድኃኒቴን ታስውጠኝ የነበረችው፣ ነጻ ነሽ ብላ ያቀፈችኝ ሲስተር የዘወትር ደንበኛዬ ነበረች። ባለፈው ቅዳሜ ከመንገዱ ማዶ ካለው ጸጉር ቤት ተሠርታ ስትወጣ አየኋት፤ አምሮባታል። መዳኔ እውነት ከሆነ፣ እባክዎ ለእሷም ይንገሩልኝ።