የሶስና መንኮራኩር ዝም ያለችበት ሳምንት

ማክሰኞ

ዝም አለች። መንኮራኩሯን ማለቴ ነው፤ ልጄ ሶስናማ ከጠዋት ጀምሮ በስልክ እንግሊዝኛ ታወራለች። ጻፊ ሙሉ፣ ምን ታዪኛለሽ? የምትጽፈው ባለቤቴ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አርባ ዓመት ድንጋይ ጠርቤ ቤተሰቤን አኑሬያለሁ፤ አላፍርበትም።

ሶስና እዚሁ አያት ኮንዶሚኒየም ሳሎናችን ተቀምጣ ለውጭ ሰዎች ትሠራለች። ሰው የሌለባት መንኮራኩር ልከዋል፤ ፀሐይን የሚዞር ድንጋይ ፎቶ እንድታነሳ። አስትሮይድ ይሉታል። የሚላክላትን ትእዛዝ መስመር በመስመር የምታርመው የእኔ ልጅ ናት። ቅዳሜ መንኮራኩሯ ድንጋዩ አጠገብ ታልፋለች። መቆም የለም፤ ካለፈች አለፈች። ዛሬ ጠዋት ድምጿ ጠፋ።

ሶስና ምሳ አልበላችም። እኔም አልበላሁም፤ ይሄን አትጻፊ። ጻፈችው።

ረቡዕ

መንኮራኩሯ አሁንም የለችም።

"ችግር ሲገጥማት ሥራዋን ሁሉ አቁማ ትእዛዝ ትጠብቃለች፤ እንደዚያ ከሆነ ደህና ናት አባባ" አለችኝ ሶስና።

"ካልሆነስ?"

ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። ሰው ልከው ቢሆን ወርዶ ያያት ነበር አልኩ። "ያን ሁሉ ዓመት ምን እየበላ ይሄዳል?" ብላ ሳቀች። ከትናንት ወዲህ ስትስቅ ይሄ የመጀመሪያዋ ነው።

ድንጋዩ ጠንካራ ነው ወይስ ልል ብዬ ጠየቅኋት። አይታወቅም፤ አንዳንዱ አንድ ወጥ አለት፣ አንዳንዱ የጠጠር ክምር ነው አለች። በመዶሻ መትተው ድምፁን ካልሰሙ እንዴት ይታወቃል አልኳት። "የምንሄደው ለዚሁ ነው" አለች። እንሄዳለን ትላለች፣ ከሳሎን ሳትወጣ።

ሐሙስ

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ምክንያቱን ልናገር።

እሑድ በየነ አረፈ። አብረን ድንጋይ የጠረብን ሰው ነው። ለቅሶው ቦሌ አራብሳ ነበር። ሰኞ ከሰዓት ሶስና የመጨረሻውን ትእዛዝ እያረመች "ሁለት ሰዓት ይስጡኝ አባባ፣ ዛሬ ነው የሚላከው" አለችኝ። "ለቅሶ የማይደርስ ልጅ አልወለድኩም" አልኳት። ኮምፒውተሯን ዘግታ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተከተለችኝ። ድንኳን ውስጥ ስልኳን ስታይ በክርኔ ጎሸምኳት። ስንመለስ መሽቷል። በጥድፊያ ጨርሳ ላከችው። በማግስቱ ነው መንኮራኩሯ ዝም ያለችው።

ሙሉ ብዕሯን አቁማ አየችኝ።

"ነግረሃታል?"

"ምን ብዬ?"

"ፈራህ እንዴ አንተ ሰውዬ?"

ጻፊ አልኳት።

ዓርብ

ሳሊተ ምሕረት ሄጄ አስቀደስኩ። ለብረት ይጸለያል? ለልጄ ብዬ ጸለይኩ።

ለሕንፃው ሰው ሁሉ ጉራዬን ነዝቼ ነበር። ጎረቤታችን ወልዴ ደጅ ጠብቆ "ጋሽ አሰፋ፣ የሰማይዋ መኪና ደረሰች?" ብሎ ሳቀብኝ። "እሷስ መንገድ ላይ ናት፤ አንተ ከዚህ በር መቼ ነው የምትነሳው?" አልኩት።

ሶስና የሰኞውን የትእዛዝ ዝርዝር እንደገና ስታነብ ስህተቱን አገኘችው። መንኮራኩሯ ዞራ ድንጋዩን እንድታይ ታዟል፤ ትልቋን አንቴና ወደ ምድር እንድትመልስ የሚለው መስመር ግን ቀርቷል። ሳትደብቅ ለአለቃዋ ደውላ ነገረች። ወዴት ዞራ እንደቀረች ስለታወቀ፣ አሁን በትንሿ አንቴናዋ በኩል ይጠሯታል።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለች ስልኩን ዘግታ።

"ጎትቼ የወሰድኩሽ እኔ ነኝ" አልኩ።

"አውቃለሁ።"

አይደለም ትለኛለች ብዬ ነበር። አላለችም።

ቅዳሜ

ጠዋት መንኮራኩሯ መለሰች። ቀጭን ድምፅ ነው አሉ፣ ግን የእሷ ነው። ሶስና ብድግ አለች፣ መልሳ ተቀመጠች፣ የታረመውን ትእዛዝ ሦስት ጊዜ አነበበችና ላከችው። ለመድረስ ሃያ ደቂቃ ይፈጅበታል። ካሜራው በሰዓቱ ይሥራ አይሥራ የሚያውቅ የለም።

ዛሬ የበየነ ሰባት ነው። ሶስና ነጠላዋን ልታነሳ ስትል "ተቀመጪ" አልኳት። ከሙሉ ጋር ሄድን። የበየነ ሚስት "ልጅትስ?" አለችኝ። "ሥራ ላይ ናት፤ እኔ ነኝ ያስቀረኋት" አልኩ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ሰማኝ፤ ይስማ።

ስንመለስ መንኮራኩሯ ድንጋዩን አልፋለች። ካሜራው ሠርቷል። ፎቶው ግን ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ነው የሚመጣው፤ እስካሁን የመጣው ጥቁር ብቻ ነው። ጥቁሩ ሰማዩ ይሁን ድንጋዩ፣ ሶስናም ገና አልለየችውም። ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀምጫለሁ።