ሠላሳ ስምንቱ የተዘጉ መዝገቦች

ለወንድሜ ለሄኖክ፤

ከባሕር ማዶ፣ ከኤደን የእህትህ የኤልሣ ሰላምታ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ ወይስ ዛሬም መዝገብ ቤት ለመዝገብ ቤት ስታጎነብስ ትውላለህ? ደሴ ብርዱ ጀምሯል አሉ፤ ምነው ትንሽ በላክህልን። እኛ መስከረሙን በላብ እየታጠብን፣ መብራቱም ብቅ እያለ እየጠፋብን፣ እግዚአብሔር ይመስገን በጤና አለን።

ይህን የምጽፍልህ ይቅርታ ለመጠየቅም ነው። አምና በስልክ፣ ስለ ጋብቻ ክርክር ያጠናኸውን ጽሑፍ ከነሰንጠረዡ፣ የመቶ አሥራ ስምንቱን የፍርድ ቤት መዝገብ ዝርዝር ሳይቀር ለማንም በነጻ ኢንተርኔት ላይ አወጣሁት ስትለኝ ጮኼብህ ነበር። አምስት ዓመት አቧራ የበላህበትን እንዴት በነጻ ትሰጣለህ፣ እንግዳ ጠርተህ ጓዳህን ታስጎበኛለህ ወይ አልኩህ። አንተ ግን ሊፈትሸኝ የማይችል ሰው ለምን ያምነኛል ብለህ ሳቅህ። እኔ ደግሞ እውነቱን ልንገርህ፣ ጉራ መስሎኝ ነበር።

በሰኔ ጎረቤቴ ይመኙሻል ከአገር ቤት የተላከ የፍርድ ቤት ወረቀት ይዛ እያለቀሰች መጣች። ባሏ ሐዲስ፣ እዚህ ሁጀይፍ በሚባለው ወደብ ላይ ጭነት ሲያወርድ የኖረ፣ ካቻምና በሕመም ያረፈው ነው። እዚሁ በሽማግሌ ፊት ተጋብተው አሥራ ስምንት ዓመት ኖረዋል፤ ወረቀታቸው ግን በጦርነቱ ከቤታቸው ጋር ተቃጠለ። አሁን የሐዲስ ወንድሞች ውርሱን ፈልገው ሚስትም ልጅም አልነበረውም ብለው ተከራከሩ። ልጃቸው ሶስና በአሥራ ስድስት ዓመቷ አባት አልባ ልትባል ነው። ከክርክሩ ጋር ጠበቃቸው ያያያዘውን ጽሑፍ ገልጬ ሳይ፣ አናቱ ላይ ያንተ ስም! ውጭ አገር ያለ ወረቀት የተፈጸመ ጋብቻን ፍርድ ቤቶቻችን በአብዛኛው አይቀበሉም ብለሃል።

ወረቀቱን ለአለቃዬ ለዶክተር ሳሚር ወሰድኩላቸው። ጥብቅና ቢሯቸው ውስጥ እንደምጽፍና እንደምተረጉም ታውቃለህ፤ እሳቸው ኮርማክሳር ባለው ዩኒቨርሲቲም ሕግ ያስተምራሉ። የተማሪዎቻቸው ቤተ መጻሕፍት ያረጀ መጽሐፍ ብቻ ነው፤ አዲስ ጥናት ሲፈልጉ ኢንተርኔቱ በየበሩ የባንክ ካርድ ይጠይቃቸዋል፣ የዚህ አገር ካርድ ደግሞ አይሠራም። ያንተን ግን በስልኬ በአንድ ጊዜ አወረድኩት። ተርጉሚልኝ፣ መጀመሪያ ግን ጸሐፊውን አስፈቅጂ አሉኝ። ወንድሜ ነው ለማለት አፍሬ ጽሑፉን በስልኬ ወደ ታች ባወርደው፣ ስሜን እስከጠቀሰ ድረስ ማንም ይውሰደው፣ ይተርጉመው፣ እንደገና ይቁጠረው ብለህ ጽፈሃል። ይህን ሳነብላቸው መነጽራቸውን አወለቁ። ወላሂ፣ እኛ የሕግ ሰዎች ድምዳሜያችንን ነው የምንሰጠው፣ ይህ ሰው መዝገቡን ሰጠ አሉ።

ከዚያ ሳምንት ሙሉ እኔ ስተረጉም እሳቸውና ስድስት ተማሪዎች በየተራ እያንዳንዱን መስመር ቆጠሩ። ውድቅ ካልካቸው ስድሳ አንድ መዝገቦች ሠላሳ ስምንቱ ውድቅ አልሆኑም። ከሳሽ ባለመቅረቡ መዝገቡ ተዘግቷል ነው የሚለው፤ በራስህ እጅ የጻፍከው። ሰዎቹ እንደኛ ባሕር ማዶ ቀርተው መምጣት አቅቷቸው እንጂ ዳኛ እምቢ ብሏቸው አይደለም። እነሱን ካወጣህ፣ በእርግጥ ፍርድ ካገኙት ሰማንያ መዝገቦች ሃምሳ ሰባቱ በጎረቤት ምስክር ተቀባይነት አግኝተዋል። ድምዳሜህ ሶስናን አባት ሲነፍጋት፣ ሰንጠረዥህ መልሶ ሰጣት።

ዶክተር ሳሚር እንደጻፉልህ ታውቃለህ። የማታውቀው የእኔን ፍርሃት ነው። ልጅ ሆነን በካርታ ስትሸነፍ እንኳ ካርታው ጎደሎ ነው የምትል ሰው አይደለህ! ይቆጣል፣ ይከራከራል፣ በዝምታ ያልፈዋል ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። በሦስተኛው ቀን ገጹን ስከፍተው፣ የግርጌ ማስታወሻ ውስጥ ሳይሆን አናቱ ላይ፣ ስህተቱ የእኔ ነው ብለህ ጽፈሃል። የዶክተር ሳሚርን ስም፣ የስድስቱንም ተማሪዎች ስም አስፍረሃል። የድሮውንም አላጠፋኸውም፤ ማንም እንዲያይ ከጎኑ ትተኸዋል። ሄኖኬ፣ በልጅነትህ አዝዬ አሳድጌህ እንዲህ ያለ ሰው መሆንህን አላውቅም ነበር። ቢሮው ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ። ዶክተር ሳሚርም የዚህን ከተማ መዝገቦች እንደዚሁ ከነዝርዝራቸው ለማውጣት ከተማሪዎቻቸው ጋር ጀምረዋል።

ባለቤትህን ጽናትን በጣም ሳምልኝ፣ የላከችው ሹሮ ደርሶኛል። ኤርምያስ በትምህርቱ እንዳይሰንፍ፣ ትንሿ አባይነሽም አክስት እንዳላት እንዳትረሳ ንገራቸው። ለአማቶችህም እጅ ንሣልኝ።

አሁን ይህን ደብዳቤ በእጇ የሰጠችህ ሴት ይመኙሻል ናት። የፍርድ ቤት ቀጠሮዋ ጥቅምት አሥራ ሦስት ነው፤ ሶስናም አብራት አለች። ወንድሜ መሆንህን ስነግራት ቤትህ የት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ፊደል እንደማትቆጥር ታያለህ። እርማቱን እኔ ላነብላት ብል እምቢ አለች፤ ከራሱ አፍ ልስማው ብላለች።

እህትህ ኤልሣ
ኤደን፣ መስከረም 27 ቀን 2018 ዓ.ም.