እናቴን ሁለት ታካሚ ላደረጓት ኃላፊ

ለተከበሩ የዓይን ሆስፒታላችን የመረጃ ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት

የከበረ ሰላምታዬን በትሕትና እያቀረብኩ ጤናዎ፣ በተለይም ዓይንዎ፣ ደህና እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ ቢታመሙ በራስዎ ሥርዓት ተራ መያዝ ይኖርብዎታል፣ ይህን ደግሞ ለጠላቴም አልመኝም።

አንደኛ፣ ምስጋና። ፕሮግራመርዎ ዳታቤዙን በጠየቀ ቁጥር መልሱን በአንድ መስመር ኮድ አዲስ ሠንጠረዥ የሚያደርግለት ላይብረሪ የተባለ ዝግጁ የኮድ ስብስብ ማግኘቱን ሰምተን ደስ ብሎናል። እኛ ቤት ጥያቄ ከተመለሰ ነገሩ ያበቃል፤ እናንተ ዘንድ ግን መልሱ ጎጆ ይወጣል።

ሁለተኛ፣ ይኸው ባለሙያ ቀዶ ጥገና የሚጠብቁት ዓይኖች የማን የማን እንደሆኑ ጠየቀ። የእናቴ ሁለቱም ዓይኖች ሞራ ስለጋረዳቸው ስሟ ሁለት ጊዜ ወጣ፤ እስከዚህ ልክ ነው። ከዚያ ግን መልሱ «ታካሚዎች» የሚል ሠንጠረዥ ተደርጎ ለተራ ማስያዣው መስኮት ኮምፒውተር ተሰጠ። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ የሚከለክለው ደንብ ዋናው ሠንጠረዥ ላይ ቀረ፤ ወደ ቅጂው አልተሻገረም። እናቴም በስተርጅና መንታ ሆነች።

ሦስተኛ፣ ቀኝ ዓይኗ ሊታከም ስንመጣ፣ የመስኮቷ ሠራተኛ እናቴን «እማማ» እያለች በአክብሮት ካስቀመጠቻት በኋላ፣ የግራ ዓይን ታካሚዋ ቀድማ ስለተመዘገበች እሷ ሳትቀርብ ቀኟን ማስተናገድ ወረፋ መጋፋት እንደሚሆን አስረዳችን። ግራዋም እዚሁ ፊቷ ላይ እንዳለች ብናመለክት፣ በአንድ ወንበር ሁለት ታካሚ መቀመጥ ክልክል ነው ተባልን። እናቴ ነገሩን ላቅልል ብላ፣ በእጇ እየዳሰሰች ወደ ጎን ወንበር ተዛወረች። ያን ጊዜ ቀኟ ቀሪ ተባለች።

አራተኛ ብዬ መቀጠል ነበረብኝ፤ ግን ተናድጃለሁ። በዋናው ሠንጠረዥ እናቴ ዛሬም አንድ ሰው ናት፣ ሐኪሙም አንድ ሰው እየጠበቀ ነው። ይህን ለማስረዳት ብንደክምም ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብን። አቤቱታ ስናስገባ ፕሮግራመርዎ ያልተፈታ አቤቱታ መኖሩን ጠየቀ፤ የጠየቀው ግን የእኛ ከመግባቱ በፊት የተቀዳውን ሠንጠረዥ ነበርና መልሱ ባዶ ሆነ። ላይብረሪው ባዶውንም ሠንጠረዥ አደረገው፤ እርስዎም አሳትመው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፉት። ርዕስ አለው፣ ዓምዶች አሉት፣ ሰው የለውም። መሥሪያ ቤታችሁን እንዲህ አሳምሮ የገለጸ ሰነድ አይቼ አላውቅም።

ክቡርነትዎ፣ እናቴ አሁን የምትለየኝ በድምፄ ነው። ዓይኗ ጨርሶ እንዳይጠፋ እፈራለሁ። ጥያቄዎን አንዴ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ ለዋናው ሠንጠረዥ እንዲያቀርቡልኝ እማጸናለሁ።

ለሁለቱም እናቶቹ ብቸኛ ልጅ የሆነው፣
የቀኟም የግራዋም አስታማሚ፣
የዘወትር አክባሪዎ

የተረሳ ነገር፦ እናቴም እንድትፈርም እስክሪብቶ አቀብያት ነበር። በጥንቃቄ፣ ሙሉ ስሟን ጻፈች። የጻፈችው ግን ከወረቀቱ ውጭ፣ የምግብ ጠረጴዛችን እንጨት ላይ ነው። ከዚያ አሳምሬ ጻፍኩ ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ አዎ አልኳት።